ኬላ ላይ የሚገናኙ ሥዕሎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ወደ ደቡብ የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀኙን ይዞ ነድቶ ሞያሌ ላይ ይቆማል። ወረቀቱን አስመትቶ ወደ ኬንያ ሲገባ ግራውን ይይዛል። ከናይሮቢ የመጣው ባልደረባው የሱን ተቃራኒ ያደርጋል። በሁለቱ መሐል ያለችው መሬት ጠባብ ናት፤ የሚጠፋባት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ጉምሩክ አለ፣ ኢሚግሬሽን አለ፣ የጭነት ፍተሻ አለ፣ ብሩን በሽልንግ መመንዘር አለ፣ ምሳ አለ። ሁለቱ መንግሥታት ይህን ሁሉ ለማሳጠር ተጓዥ በሚገባበት አገር በኩል አንዴ ብቻ የሚቆምበት የጋራ የድንበር ጣቢያ ሠርተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በኅዳር 2013 ዓ.ም. አብረው መርቀውታል። መቆሙ አጠረ እንጂ አልቀረም።

ማንያታ ከኬላው ወዲያ፣ በኬንያ በኩል ካሉት የሞያሌ ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚያ ቦረናው፣ ገሪው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ከመሐል አገር ወርዶ የቀረው ነጋዴ፣ ከናይሮቢ የተመደበው የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ገበያ ይወጣሉ። አንዱ ኦሮምኛ ጀምሮ በስዋሂሊ ይጨርሰዋል፤ አማርኛው መሐል ላይ ይገባል። የሚገርመው የሰዓቱ ነገር ነው። ስዋሂሊም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ስለሆነ፣ የሁለቱ አገር ሰዎች የእጅ ሰዓታቸው ስድስት ሰዓት ቢለያይም ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ሲይዙ ሁለቱም በሦስት ሰዓት ይመጣሉ። ወይም ሁለቱም እኩል ያረፍዳሉ።

የሥነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ መስቀለኛ መንገድ የሚለውን ነገር ይወዱታል። ብዙ ሠዓሊዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀሉ ካታሎጉ ስለ ባህሎች መገናኘት፣ ስለ ሐሳቦች መዋሐድ፣ ከየአቅጣጫው ስለሚመጡ መንገዶች ያወራል። ማንያታ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ መግቢያ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ኬላው። በካታሎጉ መንገድ ላይ ማንም አይፈተሽም፣ ማንም ተመለስ አይባልም፣ ማንም እስኪፈቀድለት አይጠብቅም። ሞያሌን ያየ ግን ሰው ከሰው የሚተዋወቀው ሲያልፍ ሳይሆን ሲጠብቅ እንደሆነ ያውቃል። እየነዳ ያለፈ ሾፌር ማንንም አያገኝም። ሁለት ቀን የታገደው ነው ወዳጅ የሚያፈራው፣ ቋንቋ የሚለምደው፣ አንዳንዴም ቤት ሠርቶ የሚቀረው።

በዚህ ዓይን አንድ ዐውደ ርእይ እንደገና ማየት እፈልጋለሁ። ከማንያታ በጣም ሩቅ ነው የተሰቀለው፤ ግን ስለ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች መገናኛ ከዚያ በላይ የሚናገር ዐውደ ርእይ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2003፣ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በዋሽንግተን ዲሲ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም የአሥር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሥራዎችን ለሕዝብ ከፈተ። ርእሱን በአማርኛ «የኢትዮጵያ ጉዞዎች፦ የዳያስፖራው የዘመኑ ሥነ ጥበብ» ብንለው ከዋናው አንርቅም። ያዘጋጀችው የሙዚየሙ ባለሙያ ኤሊዛቤት ሃርኒ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ሸራ፣ ፎቶግራፍ፣ ሸክላ፣ ወረቀት ተቦክቶ የተሠራ ሐውልት፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ጎን ለጎን ቆመዋል። በእጅ ሥራው አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ፈልጎ የገባ ተመልካች ባዶ እጁን ሳይወጣ አልቀረም።

አመጣጣቸውን የተከተለ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። አቻምየለህ ደበላ ወደ አሜሪካ የሄደው በናይጄሪያ፣ ዛሪያ በሚገኘው አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ነው። ሚካኤል ቤተ ሥላሴ ከድሬዳዋ ፓሪስ ገብቶ እዚያው ቀረ። እትዬ ዲማ ፖልሰን በኢትዮጵያ ተወልዳ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በዴንማርክ አደገች። አይዳ ሙሉነህ በልጅነቷ የመንን፣ እንግሊዝን፣ ቆጵሮስንና ካናዳን አይታለች። ጁሊ ምሕረቱ አዲስ አበባ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ተወልዳ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቧ አገሩን ለቆ ሚሺጋን ገባ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1972 (እ.ኤ.አ.) ተመርቆ ከአብዮቱ በኋላ ወጣ። ኤልሳቤጥ አጥናፉና ኤልሳቤጥ ሀብተወልድም የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ከአሥሩ አብዛኞቹን ውጭ ያስቀራቸው 1966 ዓ.ም. ላይ በአብዮቱ የተዘጋው በር ነው። አንዳንዱ ሲዘጋ ውጭ ተገኘ፤ አንዳንዱ ከተዘጋ በኋላ ሾልኮ ወጣ።

አንዷ ደግሞ በሩ ላይ ተያዘች።

ከበደች ተክለአብ አዲስ አበባ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ተወለደች። ቀይ ሽብሩ የእሷን ትውልድ ሲያሳድድ ከአገር ለመውጣት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ አቀናች። ኦጋዴን ላይ የሶማሊያ ወታደሮች እጅ ገባች፤ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በይፋ አብቅቷል በተባለበት ጊዜ ነው። ወታደር አልነበረችም። ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜዋን በሶማሊያ እስር ካምፖች ውስጥ አሳለፈች። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ መጋቢት 1980 ዓ.ም. ላይ ሲስማሙ እስረኞቹ መለቀቅ ጀመሩ፤ እሷም በ1989 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ከነበሩት ቤተሰቦቿ ጋር ተገናኘች። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥዕል ተማረች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋንም እዚያው ያዘች። ገጣሚም ናት።

ሥራዎቿን ያየ ሰው ስለ ራሷ እስር ብዙም እንዳልሳለች ያስተውላል። የሳለችው ሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ነው። በሩዋንዳው እልቂት ጊዜ ሬሳ ተሸክሞ ስለወረደው ወንዝ የሠራችው ሥዕል አለ፤ ሰውና ውኃ እንዳይለዩ ሆነው አንድ ቀለም ውስጥ ይፈሳሉ። እኔ ይህን እንደ ጨዋነት ብቻ አላየውም። አሥር ዓመት ገደማ በሌላ አገር እስር የታጎረ ሰው መከራን በባንዲራ መክፈል የሚያቅተው ይመስለኛል። አዳራሹ ውስጥ ያለው «መስቀለኛ መንገድ» በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያዊት ሶማሊያ ታስራ፣ አሜሪካ ተምራ፣ ሩዋንዳን ትስላለች። ይህን መንገድ ማንም ፈልጎ አይሄድበትም።

ሞያሌ ይህን ታሪክ አታጣውም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የሚወጡ ወጣቶች ለዓመታት በዚህ በኩል ሲያልፉ ኖረዋል። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ሞዛምቢክ፤ ከዚያ ሌላ ኬላ። አንዳንዱ ይደርሳል፤ አንዳንዱ መሐል ላይ በማያውቀው አገር ቋንቋ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ስለነሱ የተሠራ ዐውደ ርእይ ብዙ አላየንም፤ እነሱ ስለ ራሳቸው የሠሩት ደግሞ ጭራሽ።

ወደ ዋሽንግተኑ አዳራሽ ልመለስ፤ እስክንድርን ሳይጠሩ ስለሱ መጻፍ አይቻልምና።

እስክንድር ቦጎሲያን ገና ከመነሻው የሁለት መንገድ ልጅ ነው። በ1937 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲወለድ አባቱ የክቡር ዘበኛ መኮንን፣ በዘር አርመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል የሥዕል ውድድር ላይ ተሸልሞ የለንደን የትምህርት ዕድል አገኘ። ከለንደን ፓሪስ ዘለቀና ዘጠኝ ዓመት ቆየ። የዚያን ጊዜ ፓሪስ ከዳካርም፣ ከማርቲኒክም፣ ከሃርለምም የመጡ ጥቁር ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የሚከራከሩባት ከተማ ነበረች። እስክንድር ከሼክ አንታ ዲዮፕ ሐሳብ ጋር ተዋወቀ፤ የኩባውን ዊፍሬዶ ላምንና የቺሌውን ሮቤርቶ ማታን ሥራ አየ፤ የፓውል ክሌን ጥቃቅን ምልክቶች አጠና። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ በልጅነቱ ያያቸውን የክታብ ዓይኖችና የብራና ላይ መላእክት እንደ አዲስ ተመለከታቸው። በ1964 የሣለው የሌሊት በረራ ሥዕሉ፣ ዛሬ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው፣ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ክንፍ ያላቸው ፍጡራን ከዋክብት በተበተኑበት ጨለማ ውስጥ ይበርራሉ፣ የሚያስፈሩም የሚያስደስቱም ናቸው። በዚያው ዓመት ከሠራቸው አንዱን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛው።

በ1966 (እ.ኤ.አ.) ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሆኖም ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የሚጻፍ ሁሉ እነዚያን ሦስት ዓመታት ሳይጠቅስ አያልፍም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ነበር። አንዱ ከክታብና ከሕልም፣ አንዱ ከረቂቅ ቅርጽና ከቀለም ይነሳሉ። ተማሪው መሐል ላይ ቆሞ ይመርጣል፤ ወይም ሳይመርጥ ሁለቱንም ይወስዳል። መስቀለኛ መንገድ ማለት በእውነት ይህ ነው ብዬ የምከራከርለት ቦታ ቢኖር ያ ግቢ ነው፤ ዐውደ ርእይ እንኳ አላስፈለገውም።

አልቆየም እንጂ። እስክንድር አሜሪካ ሄደ፤ ከአብዮቱ በኋላ ለመኖር አልተመለሰም። ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ ሀምሳ ዓመትም አልሞላው። የአዲስ አበባው መገናኛ ፈረሰና የፈረሰው ነገር ሌላ ቦታ፣ ሳይታሰብ፣ እንደገና ተሰበሰበ።

ያ ቦታ ሀዋርድ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው ይህ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ የሥነ ጥበብ ክፍሉን የሚመራው ጄፍ ዶናልድሰን ነበር፤ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ ከተመሠረተው አፍሪኮብራ ከተባለው የጥቁር ሠዓሊዎች ቡድን መሥራቾች አንዱ። ዶናልድሰን ለተማሪዎቹ አፍሪካን በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ሊያስተምራቸው ፈለገ፤ እስክንድር ለመምህርነት በ1972 ገባ፣ እስከ 2001 ድረስም አስተማረ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ወሰኔ አዲስ አበባ የጀመረውን ሀዋርድ መጥቶ በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ከበደች እዚያው ተማረች። ኤልሳቤጥ አጥናፉ እዚያው፤ አይዳ ሙሉነህም በ2000 ከዚያው በፊልም ተመረቀች። የ1995 ዓ.ም. ዐውደ ርእይ ግማሹ በአንድ ደጃፍ የገባ ነው ማለት ይቻላል። ደጃፉ ግን እንዲህ በሰው የሞላው ሌላ በር ስለ ተዘጋ ነበር፤ እስክንድር አዲስ አበባ ቢቀር ኖሮ ከቺካጎ የመጣ የጥቁር መብት ታጋይና ከአራት ኪሎ የመጣ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ባልተቀመጡ።

ይህ ቅልቅል በእጅ ሥራው ላይ ይታያል። እስክንድር ሸራ ትቶ በፍየል ብራና፣ ኋላም በዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ላይ ሠርቷል፤ ይህ ጨርቅ የኡጋንዳ ባጋንዳዎች ከዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ የሚያወጡት ነው። ብራናው ከጎንደርና ከላሊበላ፣ ቅርፊቱ ከካምፓላ፣ ሥራው ዋሽንግተን። ወሰኔ ፊደሎቻችንን አንስቶ መነበባቸውን አስተዋቸው፤ ተዘርግተው፣ ተገልብጠው፣ እየጨፈሩ፣ እንደ ጃዝ ሙዚቃ ይሄዳሉ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሥዕል አስቸጋሪ ነው። ዓይናችን «ሀ»ን ሲያይ ማንበብ ይጀምራል፣ ሥዕሉ ግን አይነበብም። ፊደሉን የማያውቅ አሜሪካዊ ይህን ሥዕል ከኛ ቀድሞ በምቾት ያየዋል፤ እኛ በራሳችን ፊደል ኬላ ላይ እንቀራለን።

በ2001 (እ.ኤ.አ.) እስክንድርና ከበደች፣ መምህርና ተማሪ፣ በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንድ ሥራ አብረው ሠሩ። ከውጭ በኩል፣ በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ የተሰካ የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው፤ ቁመቱ 3.65፣ ርዝመቱ 15.85 ሜትር ይደርሳል። ስሙ መጋጠሚያ የሚል ትርጉም አለው። ላዩ ላይ የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የቤተ እስራኤሉና የጥንቱ አገርኛ እምነት ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ዕፀዋትና አራዊት ተቆራርጠውና ተጠላልፈው ይሄዳሉ። የመንግሥት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ብዙውን ጊዜ «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ ያልፋል። ይህኛው ግን ቁርጥራጮቹን አላጣበቃቸውም፤ በመሐላቸው ክፍተት አለ፣ ፀሐይ ስትዞር ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል። የሠራችው ሴት በሌላ አገር እስር ቤት የነበረች፣ የሠራው ሰው አገሩን ለመኖሪያ ካየ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው። ግድግዳው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ከዚህ የበለጠ ኬላ አላውቅም።

እስክንድር ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በሁለት ቀኑ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 65 ነበር። ዐውደ ርእዩ እስከ ዲሴምበር ቀጠለ፤ ስለ መሻገር ተብሎ የተዘጋጀ አዳራሽ ለወራት ኀዘን ቤትም ሆነ።

ስለ ጁሊ ምሕረቱ ከሌሎቹ በላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ባጭሩ። በዚያው ዓመት በሚኒያፖሊሱ ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ለብቻዋ ታይታ ስሟ መነሳት ጀምሮ ነበር። ሥዕሎቿ የከተማ ፕላን፣ የሕንፃ ንድፍ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የአደባባይ ካርታ በንብርብር ከተጣሉ በኋላ ጥቃቅን መስመሮች እንደ ሕዝብ የሚራወጡባቸው ናቸው። አባቷ የጂኦግራፊ መምህር መሆናቸውን ያወቀ ሰው ካርታው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ኋላ ላይ የካይሮውን ታሕሪር አደባባይ ግርግር ተከትላ የሠራችው ባለ አራት ክፍል ሥዕል ውስጥ የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይም አለ፤ ከሌሎች አገሮች አደባባዮች ጋር ተደራርቦ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ ሥዕሏ በሐራጅ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ በአፍሪካ ለተወለደ ሠዓሊ በወቅቱ ክብረ ወሰን ሆነ። ገንዘቡን ያነሣሁት ለማስደነቅ አይደለም፤ ጠረፍ ላይ ለቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው። ካርታ የመደራረብ ጥበብ ይህን ያህል ዋጋ ሲያወጣ፣ ካርታ በላዩ ላይ ተደራርቦበት የሚኖረው ሰው የት ነው ያለው?

ሞያሌን የሠራት ካርታ ነውና። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ወሰን በ1907 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ተሰመረ፤ ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1970 ሁለቱ አገሮች የመጨረሻውን ውል ተፈራረሙ። መሐል ላይ የጣሊያን ጦር በ1940 የእንግሊዙን ሞያሌ ከብቦ ያዘ፣ በዓመቱ ለቀቀ። ቦረናው ጉድጓዱ በአንድ በኩል፣ ግጦሹ በሌላ በኩል ሆኖ ቀረ። መስመሩ ባይሰመር ኖሮ ይህች ቦታ ከተማ ትሆን ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ገበያውም፣ ሆቴሉም፣ ማንያታም፣ ኬላው ካቆመው ሰው የተነሡ ናቸው። ይህን ስል ወሰኑን ማመስገኔ አይደለም። ሞያሌ ግጭቱንም ከዚያው መስመርና ከመስመሩ ዙሪያ ካለው የይገባኛል ክርክር ወርሳለች፤ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሌሊት ወደ ወዲያኛው የሸሸ ሰው በሁለቱም ወገን አለ።

የ1995 ዓ.ም. ዐውደ ርእይ የሚወቀስበት ነገር አለ። ዳያስፖራን ሲመርጥ አገር ውስጥ የቀሩትን ተወ። በደርግ ዘመን የአብዮት ቀን ሰሌዳ እየሠሩ በምሽት የራሳቸውን ሥዕል ያስቀጠሉ፣ ቀለም ጠፍቶ በተገኘው የሠሩ መምህራንና ተማሪዎች እዚያ የሉም። የቆመ መንገድ ሁለት ወገን አለው፤ መውጫ ያጣውም ኬላ ላይ ነው። ይህን ጉድለት ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.)፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሃርን ሙዚየም የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችን ሦስት ትውልድ ከውስጥም ከውጭም አንድ ላይ አምጥቶ በከፊል ሞላው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ያው አቻምየለህ ደበላ ነበር። ሁለቱንም ያየ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለ አልነበረም።

አዲስ አበባ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቆንጂት ሥዩም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የከፈተችው አስኒ ጋለሪ፣ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ጀምረውት በ2011 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው ዞማ፣ አይዳ ሙሉነህ ወደ አገሯ ተመልሳ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት፤ ሁሉም የመገናኛ ሥራ ሠርተዋል። አይዳ በተለይ። ከአሥሩ መሐል ተመልሳ ሌሎችን ወደዚህ የጠራች እሷ ናት፤ በፌስቲቫሏ የአፍሪካና የሌላው ዓለም ፎቶ አንሺዎች አዲስ አበባ መጥተዋል።

ናይሮቢም እንዲሁ። ኩዎና ትረስት ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሠዓሊዎች የሥራ ቦታ ሰጥቷል፤ ሰርክል አርት ከ2013 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ሥዕል ሐራጅ እያካሄደ የኢትዮጵያውያንን ሥራም አቅርቧል። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ የአዲስ አበባ ሠዓሊ ማየት ብርቅ አይደለም። እነዚህ ሸራዎች ግን ተጠቅልለው በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ይበርራሉ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ኮረኮንች በነበረበት ጊዜ፣ ተሳፋሪ በከብት መኪና አናት ላይ ቀናት በሚፈጅበት ጊዜ፣ ይህ ያስማማ ነበር። አሁን አስፋልት ነው። ሲሚንቶ፣ ባቄላ፣ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ጫት በዚህ ያልፋል። ሥዕል አሁንም ከሞያሌ በላይ በአየር ያልፋል።

የኬንያው ሞያሌ የሚገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ ለባህል መድረክ እንግዳ አይደለም። በዚያው ካውንቲ፣ በቱርካና ሐይቅ ዳር በምትገኘው ሎያንጋላኒ፣ 14 ያህል ማኅበረሰቦች የሚሰባሰቡበት የባህል ፌስቲቫል ይደረጋል፤ ቤታቸውን ሠርተው፣ ዘፍነው፣ ዶቃቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ችግሩ እንዲህ ያለ መድረክ ሁሉም በየራሱ ልብስ እንዲቆም መጠየቁ ነው። ቦረናው ቦረና ሆኖ፣ ሬንዲሌው ሬንዲሌ ሆኖ። ማንያታ ላይ ያለው ሰው ግን በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ልብስ ይቀይራል፤ እሱን የሚያሳይ መድረክ የዋሽንግተኑን ይመስላል እንጂ የሐይቁን አይመስልም።

እንግዲህ በተግባር እናውራ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሃያ ሸራ ጭኖ ማንያታ ለመስቀል ቢነሣ፣ መጀመሪያ ሥራዎቹ ጥንታዊ ቅርስ አለመሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ያስፈልገዋል። ከዚያ ለኬንያ ጉምሩክ ሥዕሎቹ ለሽያጭ ሳይሆን ተመልሰው ሊወጡ እንደሚገቡ ማስረዳት አለበት። ሲሚንቶ የለመደ ፈታሽ ሸራውን ፈትቶ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሠዓሊው እውነቱን ቢናገር ቀረጡ ያስደነግጠዋል፣ ቢዋሽ ራሱን ያረክሳል። ማንያታ ሲደርስ የጋለሪ ግድግዳ አይጠብቀውም፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የገበያ ግድግዳ ይበቃል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሙቀት ግን ለዘይት ቀለም አይመችም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ሸራውን ተውት እላለሁ። የእትዬ ዲማ ሸክላዎችም ይቅሩ፤ በሽቦ ላይ የተለበጠ ሸክላ በጭነት መኪና አይመከርም፣ ምንም እንኳ ኬንያ ያደገች ሠዓሊ ሥራ ወደ ኬንያ ቢመለስ ደስ ባለኝ። በፎቶግራፍ ይጀመር። ፋይሉ በስልክ ይሻገራል፣ ኅትመቱ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ይሠራል፣ ዝናብ ቢያበላሸው ሌላ ይታተማል። ፎቶዎቹ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይሁኑ፤ ከወዲህ ሁለት የሞያሌ ልጆች፣ ከወዲያ ሁለት የሞያሌ ልጆች፣ አንድ ከናይሮቢ፣ አንድ ከአዲስ አበባ። መግለጫው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ይጻፍ፤ ቦታው ካልበቃ መግለጫው ይጠር እንጂ ቋንቋ አይቀነስ። የሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ሰው በሚጠብቅበት፣ ሾፌሮቹ ወረቀታቸው እስኪመታ በሚቀመጡበት፣ ሻይ በሚጠጣበት ግድግዳ ላይ ይሁን። ተመልካች መጥራት አያስፈልግም፤ ጉምሩክ ያመጣዋል።